የስዊድንን ቋንቋ በትንንሽ የዕለት ኑሮ ታሪኮች መማር

ቋንቋ ለነጋዴ እንደ ሚዛን ያለ መሣሪያ ነው። ሚዛኑ የተዛባበት ነጋዴ ዕቃው መልካም ቢሆንም ሒሳቡ እንደማይቃናለት ሁሉ፥ የደንበኛውን ቃል አዛብቶ የሚሰማ ነጋዴም ዋጋው ተስማሚ፥ እጁም ንጹሕ ሆኖ ሳለ ገበያውን ያጣል። ዛሬ በዚህ ገጽ ስለ ስዊድን ቋንቋ አጀማመር ጥቂት ትምህርት ለማቅረብ ያሰብሁት ይህ ነገር በራሴ ላይ ደርሶ ስላየሁት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የጽሕፈት ሥራቸውን የምሠራላቸው ነጋዴ፥ የበግ ቆዳ ናሙና ሊያዩ ወደ አዲስ አበባ ከመጡ አንድ የስዊድን ሰው ጋር ቀጠሮ ነበራቸው። እኔም በዚያ ወራት ከአንድ ትንሽ የቃላት መጽሐፍ ሁለት መቶ ያህል የስዊድን ቃል በቃሌ አጥንቼ ስለ ነበር፥ በምጽፈው ደብዳቤ ግርጌ የሰላምታ ቃል በስዊድንኛ እጨምር ነበር። እንግዳውም በዚህ ደስ ብሏቸው የቀጠሮውን ሰዓት በራሳቸው ቋንቋ በአጭር ወረቀት ጽፈው ላኩልኝ። ወረቀቱ «ሃልቭ ኒዩ» ይላል። «ሃልቭ» ግማሽ፥ «ኒዩ» ዘጠኝ መሆኑን አጥንቻለሁ፤ ስለዚህ «ዘጠኝ ተኩል» ብዬ ፈታሁትና ወደ እኛ አቈጣጠር መልሼ፥ «ጧት በሦስት ሰዓት ተኩል ነው» ስል ለጌታዬ ነገርኋቸው። እንደ ተባለው በሰዓቱ ደረስን፤ ዳሩ ግን እንግዳው ከሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ጠብቀው በሦስት ሰዓት ወደ አውሮፕላን ጣቢያ ሄደው ኖሯል። ስዊድኖች «ሃልቭ ኒዩ» ሲሉ ወደ ዘጠኝ ከሚሄደው ሰዓት ግማሹ ደረሰ ማለታቸው ነው፤ ይኸውም 8፡30 ነው። ናሙናው በከረጢቱ እንዳለ ተመለሰ፤ ትእዛዙም ለሌላ ሆነ። ጌታዬ አልተቈጡኝም፤ «ቃሉን አውቀሃል፤ አነጋገሩን ግን አላወቅህም» ብቻ አሉኝ።

ይህ አንድ ቃል ብዙ አስተማረኝ። ሁለቱም ቃላት በትክክል የተጠኑ ነበሩ፤ ስሕተቱ የመጣው ቃላቱን ከሥፍራቸው ነጥዬ በማጥናቴ ነው። ከዚያ ወዲህ ቃልን ከዝርዝር ሳይሆን ከታሪክ መማር ጀመርሁ። አንድ ሰው ቡና ሲጠጣ፥ አውቶቡስ ሲጠብቅ፥ ወደ መጋዘን ስልክ ሲደውል የሚያሳይ አምስት መስመር ያለው ታሪክ፥ ቃሉን ከነሰዓቱና ከነወጉ ያስተምራል።

ለምን ስዊድንኛ?

«ስዊድኖች እንግሊዝኛ ያውቃሉና ምን ያደክመናል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ እኔም ማንም ሰው በጀማሪ ስዊድንኛ ውል ይዋዋል አልልም። ውሉና የባንኩ ሰነድ ሁለቱም ወገኖች አጥርተው በሚያውቁት ቋንቋ ይጻፍ። ነገር ግን የንግድ ሥራ ሁሉ በውል ወረቀት ላይ አያልቅም። በመለዋወጫ ዕቃ ሣጥን ላይ የታተመ ቃል አለ፤ በደብዳቤ ጠርዝ በእጅ የተጻፈ ማስታወሻ አለ፤ በቡና ሰዓት የሚነገር ቃል አለ። ከዚህም በላይ በስዊድን ለሽያጭ የሚቀርብ የታሸገ ምግብ ሕጉ የሚያስገድደው መግለጫ በስዊድንኛ ሊጻፍበት ይገባል። ዛሬ በስዊድን ብዙ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ፥ በርበሬም ሆነ ሽሮ አሽጎ ወደዚያ ለመላክ የሚያስብ ነጋዴ በራሱ ጥቅል ላይ የተጻፈውን ማንበብ ቢችል ይበጀዋል።

ትውውቃችንም አዲስ አይደለም። ዓመታቱን ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ብንጽፍ፥ የስዊድን ሚሲዮናውያን በ1866 ምጽዋ ደርሰዋል፤ በ1930ዎቹ አጋማሽ የስዊድን መኰንኖች በሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤት አስተምረዋል፤ በ1954 ደግሞ የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ኮሌጅ በአዲስ አበባ ተቋቁሟል።

ከንባብ በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው አራት ነገሮች

ከዚህ በታች የስዊድኑን ቃል ድምፁን በፊደላችን እንጽፈዋለን፤ የላቲኑን አጻጻፍ ተማሪው ከመጽሐፍ ይመለከቷል።

፩ኛ፤ የስዊድን ፊደል 29 ነው። በመጨረሻ የሚቈጠሩት ሦስቱ ምልክት የተጨመረባቸው ናቸው። የላቲኑ የመጀመሪያ ፊደል ቀለበት ሲደረግበት «ኦ»፥ ሁለት ነጥብ ሲደረግበት «ኤ» ተብሎ ይነበባል፤ ክቡ ፊደል ሁለት ነጥብ ሲደረግበት ከንፈርን አሹሎ «ኧ» እንደ ማለት ነው። በእነዚህ የሚጀምር የንግድ ቤት ስም በዝርዝር ውስጥ ሲፈለግ ከመጨረሻው እንጂ ከመጀመሪያው አይገኝም። ምልክቱን መተውም ትርጉም ያበላሻል። «ፎር» በግ ነው፤ ቀለበቱ ቢረሳ «ፋር» ይሆናል፤ እርሱም አባት ማለት ነው። የበግ ቆዳ «ፎርሺን» ይባላልና፥ ቈዳ ላኪዎች በዋጋ ማስታወቂያቸው ላይ ቀለበቷን ቢረሱ የአባት ቆዳ እንሸጣለን ማለታቸው ይሆናል!

፪ኛ፤ ማጥበቅና ማላላት ትርጉም ይለውጣል። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ «አለ» ሲላላ ተናገረ፥ ሲጠብቅ ደግሞ ይገኛል ማለት መሆኑን ሕፃን ያውቃል። በስዊድንኛም «ታክ» ሲጠብቅ ምስጋና ነው፤ አናባቢው ረዝሞ «ታአክ» ሲባል የቤት ጣራ ነው። «ግላስ» ሲጠብቅ አይስ ክሬም፥ «ግላአስ» ሲረዝም ብርጭቆ ነው። እንግሊዞች የሚቸገሩበትን ይህን ነገር የአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ቶሎ ይለየዋል።

፫ኛ፤ የላቲኑ «ኬ» ፊደል በአንዳንድ አናባቢዎች ፊት ሲመጣ «ሽ» ይሆናል። ስለዚህ የሁላችንም ወዳጅ የሆነው ኪሎ በስዊድን አፍ «ሺሎ» ነው። በስልክ «ሺሎ» ሲባል ሺሕ የሚል መስሎት የደነገጠ ሰው ቢኖር አይፈረድበትም።

፬ኛ፤ የታወቀውን ነገር የምናመለክትበት ምዕላድ በስሙ መጨረሻ ይቀጠላል። እኛ «ሱቅ» ብለን «ሱቁ» እንደምንል፥ እነርሱም «ቡቲክ» ብለው «ቡቲከን» ይላሉ። ስሞች ሁለት ወገን ናቸው፤ አንዳንዱ «ኤን»፥ አንዳንዱ «ኤት» ይቀድመዋል፤ «ኤን» የሚቀድመው በ«ን»፥ «ኤት» የሚቀድመው በ«ት» ያልቃል። ስሙን ሲያጠኑ ከነመቅድሙ ማጥናት ይገባል። ግሡ ግን ቀላል ነው፤ እኔም፥ አንተም፥ እነርሱም ብንል አይለወጥም።

የመጀመሪያው ታሪክ፤ ቡና በሱቅ

«አና ሃር ኤን ቡቲክ።» አና ሱቅ አላት።
«ቡቲከን ኤር ሊተን።» ሱቁ ትንሽ ነው።
«ክሎካን ትሬ ድሪከር አና ካፌ።» በ3 ሰዓት አና ቡና ትጠጣለች።
«ኤን ኩንድ ኮመር ኢን።» አንድ ደንበኛ ይገባል።
«ሄይ! ቪል ዱ ሃ ኤን ኮፕ ካፌ?» ጤና ይስጥልኝ! አንድ ስኒ ቡና ትፈልጋለህ?
«ያ፥ ታክ። ካፌት ኤር ቫርምት።» አዎን፥ አመሰግናለሁ። ቡናው ትኩስ ነው።

በዚህ ታሪክ ሦስት ቁም ነገር አለ። አንደኛው ቡናው ራሱ ነው። ስዊድን ከ1756 ጀምሮ ቡናን ደጋግማ በሕግ ከልክላ ነበር፤ ክልከላው ጨርሶ የቀረው በ1820ዎቹ ነው። ዛሬ ግን በነፍስ ወከፍ ብዙ ቡና ከሚጠጡ የዓለም ሕዝቦች መካከል ስዊድኖች ይቈጠራሉ። ከሥራ መካከል ተነሥቶ በኅብረት ቡና መጠጣትን «ፊካ» ይሉታል፤ ቃሉ የጥንቱን «ካፊ» ፊትና ኋላ በማገላበጥ የተገኘ ነው። የቡና አገር ሰዎች ለሆንነው ይህ ወግ ሩቅ አይደለም። «ፊካ እንጠጣ» ያለህን ሰው ሥራ ይበዛብኛል ብሎ መመለስ የቀረበን ስኒ እንደ መግፋት ነው።

ሁለተኛው «ዱ» የሚለው ቃል ነው፤ ትርጉሙ «አንተ» ወይም «አንቺ» ነው። ደንበኛው ሽማግሌ ቢሆን፥ የኩባንያ ዲሬክተርም ቢሆን «ዱ» ይባላል። ቀድሞ እንዲህ አልነበረም፤ ሰውን በማዕረጉ እየጠሩ «ዲሬክተሩ ቡና ይፈልጋሉ ወይ?» ማለት ልማድ ነበር። አዲሱ ልማድ እየገባ ሳለ በ1967 ብሩር ሬክሴድ የተባሉ የጤና መሥሪያ ቤት የበላይ ኀላፊ ሠራተኞቻቸውን ሁሉ «ዱ» እንደሚሉ በመናገራቸው ነገሩ ይበልጥ ታወቀ፤ በጥቂት ዓመታትም ውስጥ በአገሩ ሁሉ ተስፋፋ። ስለዚህ በደብዳቤ «ዱ» የተባለ ነጋዴ ተናቅሁ ብሎ እንዳያዝን። የጽሕፈት ሥራ ባልደረቦቼንም እመክራለሁ፤ ለጌቶቻችሁ ስትተረጕሙ «ዱ»ን «እርስዎ» በሉት፤ ቃሉን እንጂ አክብሮቱን አታጐድሉምና።

ሦስተኛው «ታክ» ነው። እኛ ማዕድ ሲቀርብልን «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለን መግደርደር እንወዳለን፤ አቅራቢውም «በሞቴ» እያለ ይለምናል። በስዊድን ግን ለቀረበለት ነገር «ታክ» ብቻ ያለ ሰው ተቀብያለሁ ማለቱ ነው፤ «ኔይ፥ ታክ» ያለ ደግሞ አልፈልግም ማለቱ ነውና ብዙውን ጊዜ ሁለተኛ አይጠየቅም። ለወግ ሲል እንቢ ያለ እንግዳ ሳይጠጣ ይቀራል። በዋጋ ንግግርም እንዲሁ ነው፤ ለመግደርደር ብለን የተናገርነው እንቢታ እንደ ቁርጥ መልስ ሊወሰድ ይችላል።

ሁለተኛው ታሪክ፤ ሰዓትና አውቶቡስ

«ክሎካን ኤር ሃልቭ ኒዩ።» ሰዓቱ 8፡30 ነው።
«ኤሪክ ቬንታር ፖ ቡሰን።» ኤሪክ አውቶቡሱን ይጠብቃል።
«ቡሰን ኮመር ሹጎ ኢ ኒዩ።» አውቶቡሱ ለ9 ሃያ ጉዳይ ሲሆን ይመጣል።
«ክሎካን ኒዩ በርያር መተት።» በ9 ሰዓት ስብሰባው ይጀምራል።
«ኤሪክ ኤር ኢንተ ሴን።» ኤሪክ አልዘገየም።

እኔን ያሳፈረኝ ቃል ይኸው ነው። ይህን ታሪክ አስቀድሜ አንብቤ ቢሆን ኖሮ፥ በ«ሃልቭ ኒዩ» አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው ለ9 ሃያ ጉዳይ ሲሆን ተሳፍሮ በ9 ስብሰባ እንደሚገባ አይቼ «ሃልቭ ኒዩ» ከ9 በፊት መሆኑን ማንም ሳይነግረኝ በተረዳሁ ነበር። ታሪክ የሚጠቅመው በዚህ ነው፤ አንዱ መስመር ሌላውን ያርማል።

«ሹጎ ኢ ኒዩ» ግን ከእኛ «ለሦስት ሰዓት ሃያ ጉዳይ» ጋር አንድ አካሄድ አለው። እንግዲህ የቀጠሮ ሰዓት ሲቀበሉ በመጀመሪያ የስዊድኑን ሰዓት በአኃዝ መጻፍ፥ ቀጥሎ ስድስት ሰዓት ቀንሶ ወደ እኛ መመለስ፥ በመጨረሻም «በአኃዝ 8፡30 ማለትዎ ነውን?» ብሎ ማረጋገጥ ይገባል። ይህች አንዲት ጥያቄ እኔን ከሐፍረት፥ ጌታዬን ከኪሳራ ታድን ነበር።

አራተኛው መስመር ሌላ ሕግ ያሳያል። በእኛ ቋንቋ ግሥ በመጨረሻ ይመጣል፤ በስዊድንኛ ዐረፍተ ነገር ግን ግሡ ሁለተኛውን ሥፍራ አይለቅም። «በ9 ሰዓት» የሚለው ከቀደመ «ይጀምራል» ይከተላል፤ «ስብሰባው» ወደ ኋላ ይሄዳል። ስብሰባው «መተት» መባሉ ለጆሯችን ቢያስቅም ከእኛው መተት ጋር ዝምድና የለውም።

ሦስተኛው ታሪክ፤ ስልክ ወደ መጋዘን

«ማሪያ ሪንገር ቲል ላግረት።» ማሪያ ወደ መጋዘኑ ትደውላለች።
«ኔር ኮመር ቫሩና?» ዕቃዎቹ መቼ ይመጣሉ?
«ቬካ ፍዩቶን፥ ፖ ቱሽዳ።» በ14ኛው ሳምንት፥ ሐሙስ።
«ብራ። ዶ በታላር ያ ፋክቱራን ኢኖም ትረቲ ዳጋር።» መልካም። እንግዲያስ ፋክቱሩን በ30 ቀን ውስጥ እከፍላለሁ።

ይህ ታሪክ ለአስመጪና ለላኪ ከሁሉ ይበልጣል። ስዊድኖች የዕቃ መድረሻን ብዙ ጊዜ በወርና በቀን ሳይሆን በሳምንት ቍጥር ይናገራሉ። ሳምንቱ ሰኞ ይጀምራል፤ የዓመቱ የመጀመሪያ ሐሙስ ያለበት ሳምንት 1ኛ ሳምንት ይባላል። ለምሳሌ በ2026 14ኛው ሳምንት ሰኞ ማርች 30 ይጀምራል፤ ሐሙሱም አፕሪል 2፥ በእኛ አቈጣጠር መጋቢት 24 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። «14»ን እንደ ቀን ቍጥር ያነበበ ጸሐፊ መኪናና ተሸካሚ ያለ ጊዜው ቀጥሮ ገንዘብ ያስወጣል። የሳምንት ቍጥር የታተመበት የግድግዳ ቀን መቍጠሪያ በመሥሪያ ቤት መስቀል በዋጋው ትንሽ፥ በጥቅሙ ብዙ ነው። ቀኑን በአኃዝ ሲጽፉም ዓመቱን ያስቀድማሉ፤ ወሩን ያስከትላሉ፤ ዕለቱ መጨረሻ ይሆናል።

«ኢኖም» የምትለውንም ትንሽ ቃል ልብ ይሏል። «ኢኖም ትረቲ ዳጋር» በ30 ቀን ውስጥ ነው፤ «ኦም ትረቲ ዳጋር» ግን ከዛሬ 30 ቀን በኋላ ነው። በሁለቱ መካከል የአንድ ወር ገንዘብ አለ።

ስለ አኃዝ አጻጻፍም አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። እኛ በሺሕ መካከል የምናደርገውን ነጠላ ሰረዝ ስዊድኖች ለክፍልፋይ ይጠቀሙበታል፤ ሺሑን የሚለዩት በባዶ ቦታ ነው። ስለዚህ «2,500 ኪሎ» ብለን የጻፍነውን የስዊድን ሰው ሁለት ኪሎ ተኩል ብሎ ሊያነብ ይችላል። ጥርጥር እንዳይኖር መጠኑ በአኃዝም በፊደልም ይጻፍ። በስልክ ደግሞ 17 «ኹቶን»፥ 70 «ኹቲዩ» ስለሚባሉና በፍጥነት ሲነገሩ ስለሚቀራረቡ፥ ቍጥሩን አስደግሞ መስማት ነውር አይደለም። በዋጋ ወረቀት ላይ «ሞምስ» የሚል ቃል ቢገኝ የተጨማሪ እሴት ታክስ ነው፤ መደበኛው መጠን 25 በመቶ ስለ ሆነ፥ ዋጋው ከርሱ ጋር ነው ወይስ ያለ እርሱ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አራተኛው ታሪክ፤ ኩሽኔታው

«ላስትቢለን ጎር ኢንተ።» የጭነት መኪናው አይሄድም።
«መካኒከርን በሄቨር ኤት ኩላገር።» መካኒኩ ኩሽኔታ ያስፈልገዋል።
«ሃን ሪንገር ቲል ቡቲከን።» ወደ ሱቁ ይደውላል።
«ኩላግረት ፊንስ ኢንተ ኢ ላገር፥ ሴየር ሴልያረን።» ኩሽኔታው በመጋዘን የለም፥ ይላል ሻጩ።
«ኔር ኮመር ዴት?» መቼ ይመጣል?
«ኢ ሞሮን።» ነገ።

የቃላት መጽሐፍ «ላገር» የሚለውን ቢገልጡት መጋዘን፥ የዕቃ ክምችት፥ የመኪና ኩሽኔታ፥ ንብርብር እያለ ይዘረዝራል። ተማሪው ከእነዚህ የቱን ይያዝ? ታሪኩ ግን ራሱ ይለያል፤ ማሪያ የደወለችበት «ላገር» መጋዘን ነው፤ መካኒኩ የፈለገው «ኩላገር» ኩሽኔታ ነው። በየመለዋወጫ ሱቃችን መደርደሪያ በኩሽኔታ ሣጥን ላይ የምናያቸው «ኤስ ኬ ኤፍ» የሚሉ ሦስት ፊደላትም በ1907 በጎተንበርግ ከተማ የተቋቋመው ፋብሪካ ስም ምሕጻር ናቸው፤ «የስዊድን ኩሽኔታ ፋብሪካ» ማለት ሲሆን መካከለኛዋ ፊደል የዚሁ የ«ኩላገር» መነሻ ናት። ብዙዎቻችን ስዊድንኛ ሳናውቅ ስዊድንኛ ስንሸጥ ኖረናል።

«ሞሮን» ብቻውን ጧት ነው፤ «ኢ ሞሮን» ግን ነገ ነው። ዕቃው ያለቀ እንደ ሆነ ደግሞ ሻጩ «ስሉት» ይላል፤ አልቋል ማለት ነው።

እንዴት እናጥና?

እኔ የምከተለው አካሄድ ይህ ነው። አንዱን ታሪክ ሦስት ጊዜ ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ፤ ቀጥሎ የአማርኛውን መስመር ሸፍኖ ትርጉሙን በቃል መናገር፤ በማግሥቱ የስዊድኑን መስመር ሸፍኖ ከአማርኛው መመለስ። በሦስተኛው ቀን በአና ሱቅ ፈንታ የራስን ሱቅ፥ በኩሽኔታው ፈንታ የራስን ዕቃ አግብቶ አምስት መስመር መጻፍ። ሱቅ ከተከፈተ በኋላ ደንበኛ እስኪመጣ ያለችው ሩብ ሰዓት ለዚህ ትበቃለች። በሳምንት አንድ ታሪክ ያጠና ሰው በዓመት ከአምሳ በላይ ታሪክ ይኖረዋል።

አራቱን ታሪኮች የጨረሰ ተማሪ ወደ ሌላ ንባብ ይለፍ። በ1984 የተጀመረው «ኦታ ሲዶር» የተባለ ጋዜጣ፥ ትርጉሙም ስምንት ገጽ፥ ዜናን በቀላል ስዊድንኛ የሚያቀርብ ነው። የአስትሪድ ሊንድግሬን የቡለርቢን ልጆች ታሪክ፥ የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1947 የወጣው፥ የገጠር ልጆችን የዕለት ኑሮ በአጫጭር ዐረፍተ ነገር ይናገራል። በ1909 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ሴልማ ላገርሌቭም ስለ ኒልስ ሆልገርሶን የጻፉት ለትምህርት ቤት ልጆች የአገራቸውን ጂኦግራፊ በታሪክ ለማስተማር ነበር። ስዊድኖች ለገዛ ልጆቻቸው የመረጡት መንገድ ለእኛ አያንስም።

መልመጃ

፩. አንድ ደንበኛ ከቀትር በኋላ «ሃልቭ ሴክስ» ብሎ ቢቀጥር በእኛ ሰዓት ስንት ነው?
፪. በ2026 የ20ኛው ሳምንት ሰኞ በምን ቀን ይውላል?
፫. «ቫሩና ኤር ስሉት» ማለት ምንድን ነው?
፬. የስዊድን ሰው «12,500» ብሎ ቢጽፍ ስንት ማለቱ ነው?

መልስ፤ ፩. አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል። ፪. ሜይ 11፥ ግንቦት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.። ፫. ዕቃዎቹ አልቀዋል። ፬. አሥራ ሁለት ተኩል።

ክቡራን አንባቢዎች፤ የዚያ ቀን የቆዳ ናሙና ዛሬም በጽሕፈት ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አለ። አዲስ ደብዳቤ ከውጭ በመጣ ቍጥር ቃሉን ከመፍታቴ በፊት እርሱን እዳስሳለሁ፤ ከዚያም ያልገባኝን ከመገመት እጠይቃለሁ። ትምህርቱ ለእናንተ ከእኔ በረከሰ ዋጋ እንዲደርሳችሁ ምኞቴ ነው።